ሁለት መቶ አሥራ አራት የአፍ ስሞች

«መዝገቡ በሚያዝያ ሊከፈት ነው አሉ» አለ አበጋዝ፣ ኮፍያውን እንኳ ሳያወልቅ።

በመስከረም «በኅዳር ሊከፈት ነው አሉ» ብሎ ነበር። ኅዳር እንዲሁ ሲያልፍ በጥር አደረገው። ጥር ሲጋመስ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ ሳያፍር፣ ወደ ሚያዝያ አሻገረው። «አሉ» የሚባሉት እነማን እንደሆኑ የጠየቀው ሰው የለም። ስያሜ ቤት ውስጥ አበጋዝን የሚሰሙት እንደ ግድግዳ ሰዓት ነው፤ መደወሉን ይሰማሉ፣ ስንት ጊዜ እንደደወለ አይቆጥሩም።

አልፎ አልፎ የምትመልስለት ጦይባ ብቻ ነበረች፤ እሷም አዝናለት ሳይሆን ምላሷ ስለሚያሳክካት ነው።

«ጋሽ አበጋዝ፣ የእርስዎ መዝገብ እንደ ሰነፍ ሙሽራ ነው። መጣሁ መጣሁ እያለ ድግሱ ሻገተ።»

«ሳቂ አንቺ» አለ አበጋዝ። «ጥርሱ ስላለሽ ነው።»

ስያሜ ቤት ያለው ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ድሮ የእህል መጋዘን በነበረ ረጅም አዳራሽ ነው። ሥራው አንድ ነው፤ በሰው አፍ ውስጥ በቢላ የሚሠራ ነገር ሁሉ አንድ አንድ ስም ብቻ እንዲኖረው ማድረግ። ሲጀመር ከመተማ እስከ ሞያሌ ሺህ ዘጠኝ መቶ አሥራ ሁለት ስም ተሰብስቦ ነበር። ጎንደር ያለው ሐኪም «ነቀላ» ያለውን ሐረር ያለው «ማውጣት» ይለዋል፤ ሦስተኛው ከሁለቱ ላለማነስ የፈረንጅ ስም ያመጣል። ሐኪሞቹ ግን ይግባቡ ነበር፤ አፉን ራሱን ያዩት ነበርና። በሐኪም ፈንታ የመጣው፣ ራሱ የሚቀድደውና የሚሰፋው ወንበር አፍ አያይም፤ ወንበሩ ስም ይሰማል። ስለዚህ ስሞቹ መቀነስ ነበረባቸው። አሁን የቀሩት ሁለት መቶ አሥራ አራት ናቸው፤ መዝገቡም በእነሱ ላይ ተዘግቷል።

ከተማው ከወንበሩ ጋር መኖር ከለመደ ቆይቷል። ልጆች ፊደል ከመቁጠራቸው በፊት ጥርሳቸውን ይቆጥራሉ፤ ከላይ በቀኝ አሥራ አንድ ብለው ጀምረው ከታች በቀኝ አርባ ስምንት ላይ ይጨርሳሉ። «ጥርሴን አመመኝ» የሚል ሰው ከገጠር ትናንት የገባ ይመስላል፤ «ሃያ ስድስቴ ነው» ነው የሚባለው። ሰርግ ቤት አርፍዶ መጥቶ፣ ቦታ ይዞ፣ ምንም የማይፈይድ ዘመድ፣ ዘግይታ በምትበቅለው በመጨረሻዋ መንጋጋ ቁጥር «አንተ ሠላሳ ስምንት!» ተብሎ ይሰደባል። የታመመ ሰው ወንበሩ ወዳለበት ጣቢያ ይሄዳል፣ የሚሠራለትን ነገር ስምና የጥርሱን ቁጥር መግቢያው ላይ ባለው የስም ሳጥን ውስጥ ይጽፋል፣ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ ይነሣል። ስሙን ያላወቀ ጎረቤት ይጠይቃል። ጎረቤት ሁሉን ያውቃል።

ጦይባ እንድሪስ በስያሜ ቤት አጣማሪ ነበረች። የአጣማሪ ሥራ እንዲህ ነው፤ ሁለት ስም ጎን ለጎን ይመጣላታል። ከእያንዳንዱ ስም ሥር አራት ዓምድ አለ። የመጀመሪያው ስሙ፣ ሁለተኛው የጥርሱ ቁጥር፣ ሦስተኛው በዓመት ስንት ጊዜ እንደተሠራበት። አራተኛው ስሙን ያወጡት የጥንት ሐኪሞች የጻፉት ማብራሪያ ሲሆን፣ ሁልጊዜ ታጥፎ ነው የሚመጣው። መዘርጋት አልተከለከለም። ግን የሚዘረጋ ሰው በቀን ዘጠኝ ጥንድ ይመረምራል፣ የማይዘረጋ ስድሳ። ደንቡም ማብራሪያ አይፈልግም ነበር፤ «ጥርሱ አንድ ከሆነ፣ መግሉም አንድ ከሆነ፣ ስሙ አንድ ይሁን።» ብዙ ጊዜ የተሠራበት ስም ይቀራል፣ ጥቂት የተሠራበት ይሰረዛል። በቃ።

ሐሙስ ሐሙስ፣ ከምሳ በፊት፣ የሳምንቱ ስሩዞች፣ የተሰረዙት ስሞች ማለት ነው፣ ይነበቡ ነበር። ኃላፊዋ እትዬ ደብሪቱ ቆማ አንድ በአንድ ትጠራቸዋለች፣ አዳራሹ ከየስሙ በኋላ በአንድ ድምፅ «ነፍስ ይማር!» ይላል፣ ይሳቃል፣ ጭኮ ይበላል። ቀብር ይሉታል። መዝገቡ ከተዘጋ ወዲህ እንኳ ቀብሩ አልቀረም፤ ከየክልሉ ሾልከው የሚመጡ አዳዲስ ስሞች ተለቅመው ይነበባሉ። ጦይባ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ሦስት መቶ ስድስት ስም ቀብራለች። ይህን ቁጥር ሳትጠየቅ ትናገራለች።

የዚያን ዕለት፣ ሰኞ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ወንድሟ ሙሄ በአዳራሹ በር ብቅ አለ።

ሙሄን ያሳደገችው እሷ ናት። እናታቸው ስትሞት እሱ ስድስት ዓመቱ፣ እሷ አሥራ ዘጠኝ ነበረች፤ ባል አላገባችም፣ እሱን አገባች ይላል ሰፈሩ፣ እሷም «ከባል ይልቅ ይታዘዘኛል» ትላለች። አሁን ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ሥራውም መጣራት። አውቶቡሶቹ ያለ ሹፌር መሄድ ጀምረው ሰው ይሠራው የነበረ ነገር ሁሉ ከተለወጠ በኋላ ሕዝቡ በአንድ ነገር ብቻ እምቢ አለ፤ የሚጣራ ወያላ በሩ ላይ ካልቆመ አልሳፈርም አለ። ማንም ሳይጠራኝ ምን ብዬ እገባለሁ፣ ግባ ሳልባል ልግባ? ስለዚህ ወያላዎቹ ቀሩ። ሙሄ ከጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ መናኸሪያው ላይ ቆሞ «ደሴ! ደሴ! ሁለት ሰው የቀረው!» ይላል። አውቶቡሱ ባዶም ቢሆን የቀረው ሁለት ሰው ነው።

«እታለም» አላት፣ ግራ ጉንጩን በመዳፉ ደግፎ። «ሠላሳ ሰባቴ ድግስ ደግሷል።»

«ከመቼ ወዲህ?»

«ከዓርብ።»

«ከዓርብ ወዲህ! ይህን እንጎቻ ተሸክመህ ነው ደሴ ደሴ የምትለው?»

«ደሴማ የት ትሄዳለች። ጉንጬ ቢያብጥም እዚያው ናት።»

«ና ውጣ» አለች ጦይባ፣ ነጠላዋን እያነሣች። «የቤተሰቤ አፍ ጠማማ ሆኖ ከተማ አያይብኝም።»

ጣቢያው ውስጥ ሰልፍ ነበር፤ ሲያዩዋት ግን አሳለፏት። «የስያሜ ቤቷ ናት» ተባባሉ። ጦይባ ይህን መስማት ትወዳለች፣ ያልሰማች መስላ ማለፍም ትወዳለች። ሳጥኑ ውስጥ ራሷ ጻፈች፤ «መግል ማፍሰሻ፣ 37»። መጽሐፉን ማገላበጥ አላስፈለጋትም፤ ሁለት መቶ አሥራ አራቱን እንደ ፋቲሃ በቃሏ ታውቃቸዋለች። ወንበሩ አሥራ አንድ ደቂቃ ወሰደ። ከሙሄ ድድ ትንሽ ደም ወጣ፣ መግል አልወጣም። ከወንበሩ በላይ «ተጠናቋል» የሚል ጽሑፍ በራ።

«አለቀ?» አለ ሙሄ።

«ተጠናቋል ይላል።»

«እኔ ግን ያልተጠናቀቅሁ ይመስለኛል።»

«አንተ መቼ ተጠናቅቀህ ታውቃለህ» አለችው፣ ክንዱን ይዛ እየወጣች።

ማክሰኞ እብጠቱ ከጉንጩ ጎደለ፤ ጦይባም ደስ አላት። ግን የጎደለው ወደ ታች ስለወረደ ነበር። ረቡዕ ጠዋት የሙሄ አገጭ ሥር ከግራ እስከ ቀኝ ሞልቶ፣ ቆዳው ቀልቶ፣ ሲነኩት እንደ እንጨት ጠጥሮ ተገኘ። ምላሱ ከታች ተገፍቶ ወደ ላንቃው ወጥቷል። ምራቁን መዋጥ ስላቃተው ፎጣ አገጩ ላይ ይዞ፣ አልጋው ላይ ተቀምጦ፣ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ ይተነፍሳል። ሊተኛ ሲሞክር ያፍነዋል። ሰባት ኪሎ ሜትር የሚሰማ ድምፅ አለው ይባልለት የነበረ ሰው «ውሃ» ለማለት ሦስት ጊዜ ሞከረ።

ወደ ጣቢያው ተመለሱ። «መግል ማፍሰሻ፣ 37» ብላ ጻፈች። ሳጥኑ መለሰው፤ «ለዚህ ጥርስ ይህ ሥራ ተጠናቋል። ከሃያ አንድ ቀን በኋላ ይሞክሩ።» ቁጥሩን 36 ብላ ዋሸች። ወንበሩ ሠላሳ ስድስት ደኅና ነው አለ። ጦይባ ሁለት መቶ አሥራ አራቱን ስሞች ዓይኗን ጨፍና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሄደችባቸው። የላንቃ አለ፣ የከንፈር አለ፣ የምላስ አለ፣ የድድ አለ። ከአገጭ ሥር የሚገባ ስም የለም።

ሙሄን ቤት አስቀምጣ፣ ጎረቤቷን ሰይድን አጠገቡ አድርጋ፣ ወደ ስያሜ ቤት ሄደች። ለማንም ሰላም ሳትል ስሩዞቹ ወደሚቀመጡበት ክፍል ገባች። የተሰረዘ ስም አይጠፋም፤ ማንም ለማጥፋት ጊዜ ስላላገኘ ብቻ እዚያው ይቀመጣል። እንዲያውም አንድ የሚገርም ነገር ነበር። መዝገቡ ሲዘጋ ውስጡ የቀሩት ስሞች አራተኛ ዓምዳቸው ተነቅሎ ተጥሏል፤ እንዴት እንደሚሠራ ወንበሩ ያውቀዋል ተብሎ። ማብራሪያቸው የተረፈላቸው የሞቱት ብቻ ናቸው።

ፈለገችው፣ አገኘችው። «ከአገጭ ሥር መክፈቻ። ጥርስ 37፣ 38፣ 47፣ 48። በዓመት አርባ አንድ ጊዜ። ወደ መግል ማፍሰሻ ተጣምሯል።» ከግርጌው የአጣማሪው ስም፤ ጦይባ እንድሪስ። ከስድስት ዓመት በፊት፣ በአንድ ቀን ስድሳ አራት ጥንድ መርምራ የምስክር ወረቀት በተሰጣት ሳምንት። ጥርሱ አንድ ነበር። መግሉም አንድ ነበር። አርባ አንድ ጊዜ ደግሞ ምን አላት።

አራተኛውን ዓምድ ዘረጋችው። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ የመጀመሪያዋ ነበር።

«መግሉ ከታችኛው መንጋጋ ጥርስ ወደ አገጭ ሥር የወረደ እንደሆነ። ምላስ ወደ ላይ ይነሣል። ይህ ከድድ መክፈቻ የተለየ ነው፣ አይምታታባችሁ። ከአፍ ውስጥ ቢከፈት መግሉ አይወጣም፣ ጊዜው ግን ይሄዳል። ከውጭ ነው የሚከፈተው፣ ከአገጭ ሥር፣ በቶሎ። በሽተኛውን በጀርባው አታስተኙት። የሚሞተው በመግሉ አይደለም፤ በትንፋሽ ነው።»

ሦስት ጊዜ አነበበችው። መልሳ በመስመሩ አጠፈችው። በኋላ ስታስበው ያስፈራት ይህ ነበር፤ እጇ እንደ ሌላው ቀን ሁሉ ደኅና መሥራቱ።

ወደ አዳራሹ ተመለሰችና አበጋዝ ፊት ቆመች።

«ጋሽ አበጋዝ፣ መዝገቡ መቼ ነው የሚከፈተው?»

አበጋዝ ቀና ብሎ አያት። ለቀልድ እንዳልመጣች ገባው።

«በሚያዝያ አሉ» አለ በዝግታ።

«እነማን ናቸው ያሉት? ስማቸውን ይንገሩኝ። ሄጄ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ።»

አበጋዝ ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«ማንም አላለም» አለ። «የተመኙን ታውቂያት የለ፣ ባለቤቴን? መንጋጭላዋ ተጣብቆ አልከፈት ካለ አራት ዓመቷ ነው። በመምጠጫ ነው የምትበላው። የሚፈታው ሥራ ስም ነበረው። እኔ ነኝ ያጣመርኩት፤ ሰባት ጊዜ ነበር የተሠራበት፣ ሰባት ብቻ። ማታ ስገባ ታየኛለች። መናገር ስለማትችል ዓይኗን ወደ ላይ ታደርገዋለች፣ ምን አዲስ ነገር አለ ማለቷ ነው። ምን ልበላት? እዚህ እናንተ ፊት ጠዋት ጠዋት ስለው፣ እዚያ ስደርስ እውነት እውነት ይመስለኛል።»

ጦይባ ወደ ኃላፊዋ ክፍል አለፈች። እትዬ ደብሪቱ ጥሩ ሴት ነበረች። ይህ ነው የከፋው፤ ክፉ ብትሆን መሳደብ ይቻል ነበር። ቁጭ በይ አለቻት፣ ውሃ ቀዳችላት፣ እስክትጨርስ አላቋረጠቻትም።

«መዝገቡ የሚከፈተው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው» አለች መጨረሻ ላይ። «ማመልከቻ ጻፊ፣ እኔ ራሴ ከሁሉ በላይ አደርገዋለሁ።»

«ሦስት ዓመት አይቆይም።»

«ማን?»

«ሙሄ ነዋ! ሦስት ቀን አይቆይም። ምላሱ ላንቃው ላይ ደርሷል። እትዬ፣ አንድ ስም ነው። የነበረ ስም ነው፣ አዲስ አልጠየቅኩም። በእጄ የገደልኩትን በእጄ ላንሣው።»

ደብሪቱ መነጽሯን አወለቀች።

«ጦይባዬ፣ ለአንድ ሰው ብዬ አንድ ስም ከከፈትኩ ነገ በር ላይ ሺህ ሰው ይቆማል፣ እያንዳንዱ ከአገሩ አንድ ስም ይዞ። ከነገ ወዲያ ሺህ ዘጠኝ መቶ አሥራ ሁለት ላይ ነን። ወንበሩ ይቆማል። ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ የምስክር ወረቀት የተሰጠሽ ዕለት አንቺ ነሽ መድረክ ላይ የተናገርሽው። ደስ ብሎኝ ጽፌ ይዤዋለሁ።»

ወጣች። መንገድ ላይ ቆማ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቷ ምን እንደሚደረግ የማታውቅ ሆነች። ጦይባ ደግሞ አለማወቅን ለረጅም ጊዜ የምትችል ሰው አልነበረችም። ቤቷ ስትደርስ ሰይድ ከሙሄ አጠገብ ተቀምጦ ፎጣ እየቀየረለት ነበር። ሰይድ ባለፈው ክረምት ከሞተር ወድቆ መንጋጭላው ተሰብሮ ነበር። ጎንበስ ሲል አገጩ ሥር፣ ከግራ፣ እንደ ክር የቀጠነ ጠባሳ አየችበት። በየቀኑ ታየው የነበረ ጠባሳ ነው።

«ሰይድ፣ ይህን የከፈተህ ወንበሩ ነው?»

«ሌላ ማን ሊሆን ነው።»

«ከውጭ?»

«ከውጭ። አጥንቱን በብረት አሰረልኝ፣ ሰፋኝ።»

«ምን ብለህ ጻፍክ?»

«የመንጋጭላ ስብራት ማሰሪያ። አንቺው አይደለሽ የነገርሽኝ?»

ነግራው ነበር። ነገሩን ሌሊቱን ሙሉ አሰላሰለችው፤ ብታሰላስለውም ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነበር የሚደርሰው። ወንበሩ ከአገጭ ሥር ቆዳውን ይከፍታል። ከተከፈተ መግሉ መንገዱን ያገኛል፤ መግል ስም አይጠይቅም። ከዚያ በኋላ ደኅና አጥንት ላይ ብረት ቢያስርም ያስር፤ ደኅና አጥንት በብረት አይሞትም። የስብራት ማሰሪያ ሌላ ምን ምን እንዳለበት ማየት ብትፈልግም የምታይበት አልነበራትም፤ ስሙ ሕያው ስለሆነ ማብራሪያ የለውም። ሰይድን ደግማ ጠይቃዋለች። ሰይድ ደንዝዞ፣ ዓይኑ ተሸፍኖ ስለነበር የሚያስታውሰው ሲገባና ሲወጣ ብቻ ነው።

ሐሙስ ጠዋት በሦስት ሰዓት ሙሄን በሰይድ ሞተር ኋላ አስቀምጣ፣ እሷ ከኋላው ደግፋው፣ ጣቢያው ደረሱ። ሙሄ ከንፈሩ ጠቁሯል። በየትንፋሹ ጉሮሮው እንደ ደረቅ በር ያንቋርራል። ሰልፍ ላይ የነበሩት አይተው ራሳቸው ሸሹ።

ሳጥኑ ፊት ቆመች። እዚህ ላይ ጦይባ ከሌላ አገር ሰው የሚለያት ነገር ነበር፤ ሌላ ሰው ስም ሲያጣ እጁን ሊያነሣ ይችላል። ስያሜ ቤት ግን ሳጥን ሳይሞላ የላከ ሰው ሐሙስ ቀን የራሱ ስም ከስሩዞቹ ጋር ይነበብበታል፣ ነፍስ ይማር ይባልበታል፣ እስኪሞት ይሳቅበታል። ይህ ነውር ከአዳራሹ ወጥቶ ከተማውን ሁሉ ከያዘ ዓመታት ሆኖታል። ኮምቦልቻ ውስጥ የሚጽፈው ያጣ ሰው የሚቀርበውን ይጽፋል፤ የሚቀርብ ካጣ የሚርቀውን ይጽፋል። ሳጥኑን ባዶውን የማለፍ ሐሳብ በጦይባ ራስ ውስጥ ሽውም አላለም። የነበራት ጭንቀት የትኛው ውሸት ይሻላል የሚል ብቻ ነበር።

«የመንጋጭላ ስብራት ማሰሪያ፣ ግራ» ብላ ጻፈች።

«ስብራቱ ተረጋግጧል?» አለ ሳጥኑ።

አዎ የሚለውን ነካች።

ሙሄ ወንበሩ ላይ ሲወጣ ዞሮ አያት። መናገር አልቻለም። ቀኝ እጁን ከፍ አድርጎ ሁለት ጣቱን አሳያት፣ ጮኾ እንደሚጣራ ሰው አፉን ለመክፈት እየሞከረ። ሁለት ሰው የቀረው። ጦይባ ሳቀች። ወላሂ ሳቀች፣ መስታወቱ በመካከላቸው ሲዘጋ ገና እየሳቀች ነበር።

ወንበሩ በጀርባው አስተኛው።

«በጀርባው አይደለም!» አለች። ወንበሩ የሚሰማው ስም እንጂ ጩኸት አይደለም።

አገጩ ሥር ደርሶ ይከፍታል ብላ የጠበቀችው ክንድ ወደ አገጩ አልሄደም። ወደ አፉ ሄደ። ከንፈሩን ገለጠ፣ ቀጭን ሽቦ አወጣ፣ የላይኛውን ጥርስ ከታችኛው ጥርስ ጋር አሰረ። ከዚያ ቀጣዩን። ከዚያ ቀጣዩን። የተሰበረ መንጋጭላ በብረት ከመታሰሩ በፊት እንዳይነቃነቅ አፉ በሽቦ ይቆለፋል፤ ይህን ማንኛውም የጥንት ሐኪም ያውቀው ነበር፣ በጠፋው አራተኛ ዓምድ ላይም ተጽፎ ነበር። ጦይባ የገባት አራተኛው ሽቦ ላይ ነው። መስታወቱን በቡጢ መታችው። ጫማዋን አውልቃ በነጠላዋ ጠቅልላ መታችው። ሰይድ በትከሻው መታው። የተጀመረ ስም አይቋረጥም፤ ለበሽተኛው ደኅንነት ሲባል።

የሙሄ እግሮች ሁለት ጊዜ ተነሡ። ከዚያ አልተነሡም።

ወንበሩ አፉን ቆልፎ ሲጨርስ ወደ አገጩ ወረደ፣ ከፈተ። መግሉ ወጣ፣ ብዙ ነበር፣ ጥንት የጻፈው ሐኪም እንዳለው ከውጭ ሲከፈት በደንብ ይወጣል። ወንበሩ ጠረገው። ያልተሰበረውን አጥንት ፈለገ፣ ብረቱን ለካ፣ በአራት ብሎን አሰረው፣ ቆዳውን በጥንቃቄ ሰፋ። ከዚያ «ተጠናቋል» የሚለው በራ፣ መስታወቱም ተከፈተ።

ከሰዓት በኋላ ቀበሩት። ሽቦውን የሚፈታ ስም በመዝገቡ አለ፤ ግን ከስድስት ሳምንት በፊት አይፈቀድም። ገናዡ በጉጠት ሊቆርጠው ፈለገ፣ ጦይባ «ተወው» አለችው። በዚያው ሰዓት ስያሜ ቤት ውስጥ ሐሙስ ስለነበር ስሞች ተነበቡ። ለጦይባ ሲባል ጭኮ አልተበላም ተባለ።

ድንኳኑ ሦስት ቀን ቆየ። የመናኸሪያው ወያላዎች በሙሉ መጡ፣ በአንድ ረድፍ ተቀመጡ፤ ጉሮሯቸው የከተማው ጉሮሮ የሆነ አሥራ ስድስት ወንዶች አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ውለው ሄዱ። አበጋዝ መጣ፣ ከዳር ተቀመጠ፣ ስለ ሚያዝያ ምንም አላለም። ደብሪቱ መጥታ አቅፋት አለቀሰች፣ እውነተኛ ልቅሶ ነበር። ስትሄድም ጎንበስ ብላ፣ የሞቱ ምክንያት ተብሎ የሚሞላ ስም በመዝገቡ ስለሌለ ሥራው እንደተጠናቀቀ ብቻ እንደተጻፈ በጆሮዋ ነገረቻት፤ ከሌላ ሰው እንዳትሰማው ብላ ነው።

በሦስተኛው ቀን ከአሥር ሰዓት በኋላ፣ ሰው ሲሳሳ፣ ማንም የማያውቃት አንዲት ሴት ገባች። ሃምሳ ዓመት ይሆናታል። ጥፍሯ እስከ ሥሩ ተቆርጧል፣ እጇ ከመጠን በላይ ንጹሕ ነው። ጦይባ አጠገብ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች፣ «አላህ ያጽናሽ» አለች።

«ከየት ነሽ፣ እህቴ?» አለች ጦይባ፣ ለወጉ።

«ከጣቢያው።»

«ጽዳት ነሽ?»

«ሐኪም ነኝ። በእጅ የምሠራ።»

ጦይባ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻት።

«የእጅ ሐኪም የለም» አለች። «ካለቁ ቆይተዋል።»

«በየጣቢያው አንድ አንድ አለን። ከወንበሩ በላይ ሁለተኛ ፎቅ። አልጋ አለኝ፣ ምድጃ አለኝ፣ ቢላዎቼን በየጠዋቱ እቀቅላለሁ።» ሴትዮዋ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣመረች። «መስታወቱ ሲመታ ሰምቼ ወረድኩ። በሬ ያለ ጥሪ አይከፈትም፤ ሰብሬው ስደርስ ሰፍቶ ጨርሶ ነበር። አገጩን አየሁት። እሱን መክፈት ስምንት ደቂቃ ነው የሚፈጅብኝ።»

ሰይድ ከወዲያ በኩል ጆሮውን አቅንቷል። አበጋዝም ዳር ካለበት አንገቱን አዙሯል።

«ታዲያ ማን ነው የሚጠራሽ?» አለች ጦይባ በመጨረሻ፣ ድምፅዋ የሌላ ሰው እስኪመስል። «ምን ብለን ነው የምንጽፈው?»

«ምንም አትጽፉም» አለች ሐኪሟ። «የስሙ ሳጥን ባዶውን ሲላክ ወንበሩ ራሱ ይቆማል፣ እኔ ጋ ይደወላል። ሌላ ከተማ ያሉት ጓደኞቼ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ይወርዳሉ፣ እረፍት አጣን ይላሉ። እኔን ወደ ኮምቦልቻ ሲመድቡኝ ቀኑብኝ። እኔም የዚህ ከተማ ሰው አፉ ጤነኛ ነው ብዬ ነበር። ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ አንድም ቀን ተደውሎልኝ አያውቅም።»